ላዛሮ ስፓላንዛኒ፤ የዘርንና የሌሊት ወፍን ምሥጢር የመረመረ ሊቅ

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ጀግኖች የተጻፈው ብዙ ነው። በጠርሙስና በአጉሊ መነጽር፣ በእንቁራሪትና በሌሊት ወፍ መካከል ዕድሜያቸውን ስለ ጨረሱ ሰዎች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እኛ ተማሪዎች በባዮሎጂ ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰምተን የምናልፈው ነገር፣ አንድ ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት የደከመበት ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የኢጣሊያዊውን ሊቅ የላዛሮ ስፓላንዛኒን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ስፓላንዛኒ በጃንዋሪ 1729 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ከሬጆ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በስካንዲያኖ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ስለ ነበር ልጁም ይህንኑ ሙያ እንዲወርስ ይመኝ ነበር። ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው በሬጆ ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን ተማሪ ቤት ገባ። መምህራኑ ትጋቱን አይተው ከማኅበራቸው ሊያስገቡት ፈልገው ነበር፤ እርሱ ግን የአባቱን ፈቃድ ለመፈጸም ወደ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የሕግ ትምህርት ጀመረ።

በቦሎኛ ላውራ ባሲ የምትባል የሥጋ ዘመዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበረች። በዚያ ዘመን ሴት በዩኒቨርሲቲ ወንበር ተቀምጣ ስታስተምር ማየት እጅግ ብርቅ ነገር ነበር። ወጣቱ ስፓላንዛኒ የእርስዋን ትምህርት በሰማ ጊዜ ልቡ ከሕግ መጻሕፍት ወደ ተፈጥሮ ምርምር ዘወር አለ። ይህንንም ለአባቱ መንገር ስለ ከበደው፣ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር የነበረው ቫሊስኔሪ አማላጅ ሆኖ አባቱን ለመነለትና ሕጉን ትቶ የወደደውን እንዲማር ተፈቀደለት። እንግዲህ አንዲት መምህርት ባትማርከው፣ አንድ መምህርም ባያማልደው ኖሮ፣ ይህ ሰው በስካንዲያኖ አንድ ተራ ጠበቃ ሆኖ ይቀር ነበር ማለት ነው።

ስፓላንዛኒ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ክህነት ተቀበለ። መጀመሪያ በሬጆ፣ ቀጥሎም በሞዴና አስተማረ። በ1769 በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ፓቪያ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ የምትገዛትም ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ነበረች። እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምርና ሙዚየሙን ሲያደራጅ ኖረ።

ከመረቅ ሕይወት ይፈልቃልን?

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ጥቃቅን ሕያዋን ያለ ወላጅ ከበሰበሰ ነገር ራሳቸው ይፈልቃሉ ብለው ያምኑ ነበር። ኒድሃም የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ መረቅ አፍልቶ፣ በጠርሙስ አድርጎ በቡሽ ከደነው። ከጥቂት ቀን በኋላ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት መረቁ በጥቃቅን ሕያዋን ተሞልቶ አገኘው። ታላቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ቡፎንም ደገፈው።

ስፓላንዛኒ ግን ሁለት ነገር ጠረጠረ። አንደኛ፣ መረቁ በቂ ጊዜ አልፈላ ይሆናል፤ ሁለተኛ፣ ቡሹ አየርን ሙሉ በሙሉ አይከለክል ይሆናል። ስለዚህ የጠርሙሶቹን አንገት በእሳት አቅልጦ ብርጭቆውን በራሱ ደፈነውና አንድ ሰዓት ያህል በፈላ ውኃ ውስጥ አቆያቸው። እነዚህ ጠርሙሶች ምንም ሕይወት ሳይታይባቸው ቆዩ። አንገታቸው ተሰብሮ አየር በገባባቸው ጊዜ ግን ጥቃቅኑ ሕያዋን ታዩ። ይህን በ1765 አሳተመ። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ከመቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳዊው በፓስተር እጅ ነው፤ መንገዱን የጠረገው ግን ስፓላንዛኒ ነው።

የዘር ምሥጢር

ሕይወት ከመረቅ የማይፈልቅ ከሆነ፣ እንግዲያው ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል? በ1677 ሌቨንሁክ የተባለ ሆላንዳዊ በወንድ ዘር ፈሳሽ ውስጥ ራስና ጅራት ያላቸው፣ እየዋኙ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነገሮችን አይቶ ነበር። እነዚህም ዛሬ ነባዘር የምንላቸው ናቸው። ነገር ግን ሥራቸው ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዶቹ ሙሉው ሰው በነባዘሩ ራስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ይሉ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ፅንሱ አስቀድሞ በዕንቁላሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ የወንዱ ፈሳሽ የሚቀሰቅሰው ብቻ ነው ይሉ ነበር። ስፓላንዛኒና የጄኔቫው ወዳጁ ሻርል ቦኔ ከሁለተኛው ወገን ነበሩ።

ስፓላንዛኒ ምርምሩን በእንቁራሪትና በጉርጥ ጀመረ፤ ምክንያቱም የእነርሱ ዕንቁላል በውኃ ውስጥ በግልጥ ስለሚጣል ለዓይን የተመቸ ነው። ከእርሱ በፊት ፈረንሳዊው ሬኦሙር ለወንድ እንቁራሪት ሱሪ አልብሶ ለመሞከር አስቦ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። ስፓላንዛኒ ይህንኑ ሐሳብ አንሥቶ፣ ሰም ከተቀባ የሐር ጨርቅ ትንንሽ ሱሪ እየሰፋ ወንዶቹን እንቁራሪቶች አለበሳቸው። ለሚያይ ሰው የሚያስቅ ነገር ይመስላል። ውጤቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ወንዶቹ ሱሪ የለበሱባቸው እንስቶች የጣሉት ዕንቁላል ሁሉ በሰበሰ እንጂ አንድ ስንኳ አልፈለፈለም። በሱሪው ውስጥ የተገኘውን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ ዕንቁላል ላይ ቢያደርገው ግን ዕንቁላሉ ወደ እንቁራሪት ጫጩትነት አደገ። ስለዚህ ፈሳሹ ዕንቁላሉን ሳይነካ ፅንስ የለም ማለት ነው።

ደግሞም ብዙ ሰዎች ለፅንስ የዘሩ ሽታ ወይም እንፋሎት ይበቃል ይሉ ስለ ነበር ይህንንም ፈተነ። በአንድ የሰዓት መስተዋት ላይ ዘሩን አኖረ፤ በሌላው መስተዋት ላይ ዕንቁላሉን አጣብቆ ሳይነካካ ከበላዩ ደፋው። እንፋሎቱ ዕንቁላሉን እስኪያረጥበው ድረስ ቢቆይም ፅንስ አልተገኘም። ከዚያው ከተረፈው ዘር ጥቂት ነካ ሲያደርገው ግን ዕንቁላሉ አደገ።

ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ፈተና ከሁሉ የሚደንቅ ነው። የእንቁራሪት ዘር በውኃ በጥብጦ በማጥለያ ወረቀት አጠለለው። የማጥለያው ወረቀት እየተደራረበ ሲሄድ ከሥር የወረደው ፈሳሽ የማጽነስ ኃይሉን አጣ። በወረቀቱ ላይ የቀረውን ዝቃጭ በንጹሕ ውኃ አጥቦ ሲሞክረው ግን ኃይሉ እንዳለ ተገኘ። እንግዲህ ፅንስን የሚያስገኘው ፈሳሹ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የቀረው ነገር ነው፤ የቀሩትም ነባዘሮቹ ናቸው።

ዳሩ ግን ስፓላንዛኒ ይህን መደምደሚያ አልደመደመም። ምንም ነባዘር የለበትም ብሎ ያመነው የጉርጥ ዘር ዕንቁላልን ሲያጸንስ አይቶ ስለ ነበር፣ ነባዘሮቹ በፈሳሹ ውስጥ በጥገኝነት የሚኖሩ ትሎች ናቸው የሚለውን የቀድሞ አስተያየቱን አለቀቀም። መልሱን በእጁ ይዞ ሳያውቀው አለፈ። ለዚህ የአጉሊ መነጽሩ ድካም አንድ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት ግን አስቀድሞ የያዘው እምነት ነው። የሆነ ሆኖ ያየውን ነገር ሁሉ፣ አሳቡን የማይደግፈውን ጭምር፣ ሳይደብቅ ጽፎ አሳተመ። በ1824 ፕሬቮና ዱማ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ የማጥለል ሥራ ደግመው ሠርተው ፅንስን የሚያስገኙት ነባዘሮቹ መሆናቸውን አስረዱ። በ1876 ደግሞ ጀርመናዊው ሄርትቪግ የባሕር ፍጡር በሆነው በባሕር ጃርት ዕንቁላል ውስጥ የነባዘሩና የዕንቁላሉ ኑክሊየስ ሲዋሐዱ ያየውን ጽፎ አወጣ።

ስፓላንዛኒ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ሠራ። አንዲት ውሻ ከወንድ ለይቶ ቤት ዘግቶ አኖረ። ጊዜዋ በደረሰ ጊዜ የወንድ ውሻ ዘር በሰውነት ሙቀት ልክ አሙቆ በትንሽ ሲሪንጅ ወደ ማሕፀንዋ አስገባ። ከ62 ቀን በኋላ እናታቸውንም ዘሩ የተወሰደበትን ውሻም የሚመስሉ ሦስት ቡችሎች ወለደች። ይህን በ1780 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ዛሬ በከብት እርባታ ጣቢያዎች ላሞች ያለ ኮርማ በሰው እጅ የሚዳቀሉበት ዘዴ አባቱ ይህ ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ በ1776 እንደ ጻፈው፣ የወንድ ዘር በበረዶ ቢያቀዘቅዝ ነባዘሮቹ እንደ ሞቱ ሆነው ጸጥ አሉ፤ መልሶ ቢያሞቃቸው ግን እንደ ገና መንቀሳቀስ ጀመሩ። ይህን ሁለተኛውን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ፈተናና ክብር

ይህ ሰው በትምህርት ቤት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የምግብን መፈጨት ለማወቅ ሥጋና ዳቦ በትንሽ የበፍታ ከረጢት እየሰፋ ራሱ ዋጠ፤ የጨጓራ ፈሳሽ ምግብን እንደሚያሟሟ በገዛ ሰውነቱ ፈተነ። በ1788 ወደ ቬሱቪየስና ወደ ሊፓሪ ደሴቶች ሄዶ እሳተ ገሞራን በቅርብ ተመለከተ።

በ1785 ወደ ቁስጥንጥንያ በተጓዘ ጊዜ ግን ከባልደረቦቹ አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲውን ሙዚየም ንብረት ሰርቆ ወደ ቤቱ ወስዷል ብለው ከሰሱት። በሚመለስበት ጊዜ ቪየና ላይ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በክብር ተቀበለው። ከፓቪያም ከተማ በር ውጭ ተማሪዎቹ ወጥተው በእልልታና በሆታ ተቀበሉት። ጉዳዩ በዳኞች ተመርምሮ ነጻ ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ትምህርቱን የሚከታተሉት ተማሪዎች ከ500 በለጡ። መምህሩ በተከሰሰበት ወራት ያልሸሸ ተማሪ ምስክርነቱ ትልቅ ነው።

የሌሊት ወፎቹ

በ1793 ስፓላንዛኒ ዕድሜው 64 ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ በቤቱ ያሳድጋት የነበረች ጉጉት፣ ሻማው ሲጠፋ ከግድግዳና ከዕቃ ጋር ስትጋጭ አየ። በዚያው ጨለማ ክፍል የሌሊት ወፎችን ቢለቅ ግን ምንም ሳይነኩ እንደ ልባቸው በረሩ። ነገሩ አስደነቀው። በአገራችን ተረት የሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች ወላዋይ ተደርጋ ትነገራለች፤ እርሱ ግን ከተረት አልፎ በምን እንደምታይ ለማወቅ ቆረጠ።

የሌሊት ወፎቹን ዓይን አጠፋ። እነርሱም በክፍሉ ውስጥ በተዘረጉት ክሮች መካከል ሳይጋጩ በረሩ። ዓይናቸውን ያጠፋባቸውን ሌሎች በፓቪያ ካቴድራል የደወል ቤት ለቆ ከጥቂት ቀን በኋላ መልሶ ቢይዛቸው፣ ሆዳቸው እንደ ጤነኞቹ በነፍሳት ተሞልቶ አገኘው። በመዳሰስ እንደ ሆነ ብሎ ሰውነታቸውን በቫርኒሽ ቀባ፤ ይህም አላገዳቸውም። ማሽተትንና መቅመስንም ፈተነ። መልስ ባጣ ጊዜ ሰው የማያውቀው ስድስተኛ የስሜት ሕዋስ ይኖራቸው ይሆናል ብሎ አሰበ። ይህ ሥራ በእንስሳቱ ላይ ጭካኔ እንደ ነበረበት አንሸሽግም፤ በዘመናችን በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ምርምር ያለ ጥብቅ ቁጥጥር አይፈቀድም።

ስፓላንዛኒ የራሱን ምርመራ ብቻ አላመነም። በየአገሩ ላሉ ሊቃውንት እየጻፈ ፈተናውን ደግመው እንዲሠሩት ለመናቸው። በጄኔቫ የሚኖረው ሐኪም ሉዊ ዡሪን የሌሊት ወፎቹን ጆሮ በሰም ቢደፍን እንስሳቱ እንደ ዕውር ከዕቃው ሁሉ ጋር ተጋጩ። ስፓላንዛኒ መጀመሪያ ነገሩን ተጠራጠረ፤ በ1794 ራሱ ሲሞክረው ግን እውነት ሆኖ አገኘው። በጆሮአቸው ቀዳዳ ከነሐስ የተሠሩ ጥቃቅን ቱቦዎች አስገባ። ቱቦዎቹ ክፍት ሲሆኑ በደኅና በረሩ፤ ሲደፈኑ መንገድ ሳቱ። እንግዲህ የሌሊት ወፍ በጨለማ የምትመራው በጆሮዋ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ድምፅ በማይሰማበት ጸጥታ ውስጥ ምን እንደምትሰማ ሊያስረዳ አልቻለም።

ታላቁ ፈረንሳዊ ሊቅ ኩቪዬ ራሱ ሳይፈትን፣ የሌሊት ወፍ የምትመራው በመዳሰስ ነው ብሎ ፈረደ። የኩቪዬ ስም ትልቅ ስለ ነበር የስፓላንዛኒ ማስረጃ ተንቆ ከመቶ ዓመት በላይ ተረሳ። በ1938 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ የነበረው ዶናልድ ግሪፊን፣ ፕሮፌሰር ፒርስ የሠራውን የረቂቅ ድምፅ መቀበያ መሣሪያ ተውሶ ወደ ሌሊት ወፎቹ አቀረበው። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ጩኸት ሰማ። ግሪፊንና የትምህርት ባልደረባው ሮበርት ጋላምቦስ ቀጥለው እንዳሳዩት፣ የሌሊት ወፍ እየጮኸች የድምፅዋን ገደል ማሚቶ በመስማት ዕንቅፋቱንና የምትይዘውን ነፍሳት ታውቃለች። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው፤ የአብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ጩኸት ከዚህ በላይ ነው። ስፓላንዛኒ ትክክል ነበረ።

ሁለቱ ምርምሮች የተገናኙበት

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዝ ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። ስፓላንዛኒ የዘርን ነገርና የሌሊት ወፍን ነገር ለየብቻ መረመረ። ሁለቱ በአንዲት እንስሳ ውስጥ እንደሚገናኙ ግን አላወቀም።

የሌሊት ወፍ አጥቢ እንስሳ ናት፤ ወልዳ ታጠባለች። በቀዝቃዛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ምድር የሚኖሩት ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች የብርዱ ወራት ሲደርስ በዋሻና በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥለው ያንቀላፋሉ። ሰውነታቸው ከአካባቢው አየር ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይቀዘቅዛል። ወንዱ ነባዘር የሚያዘጋጀው በበጋ ነው፤ ከዘር ፍሬው ጋር በተያያዘው የተጠመዘዘ ቀጭን ቱቦም ያከማቸዋል። ወንድና ሴት የሚገናኙት በመጸው ነው። በሴቲቱ ውስጥ ግን በዚያን ጊዜ ለመፀነስ የደረሰ ዕንቁላል የለም። ነባዘሮቹ ብርዱን ሁሉ በሴቲቱ ማሕፀን ውስጥ ይከርማሉ። ጸደይ ሲመጣ ሴቲቱ ትነቃለች፤ ዕንቁላሉ ይወርዳል፤ ፅንስም ያን ጊዜ ይሆናል። ልጁም የሚወለደው ነፍሳት በሚበዙበትና ምግብ በሚገኝበት ወራት ነው።

የዚህ ነገር ድንቅነት በንጽጽር ይታወቃል። የሰው ነባዘር በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ በሕይወት የሚቆየው ቢበዛ አምስት ቀን ያህል ነው። በ1879 በጀርመን አገር ቤኔኬ፣ አይመርና ፍሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሌሊት ወፎች ፅንስ እስከ ጸደይ እንደሚዘገይ ጻፉ። ብዙ ሰዎች ግን ያ አሮጌ ዘር ሞቶ ይሆናል፣ ፅንሱ የሚገኘው በጸደይ በሚደረግ ሌላ ግንኙነት ነው እያሉ ይጠራጠሩ ነበር። በ1942 አሜሪካዊው ዊልያም ዊምሳት ሴቶቹን የሌሊት ወፎች በእንቅልፋቸው ወራት ከወንድ ለይቶ አቆየ። ወደ ሙቀት ሲያመጣቸውም ዕንቁላላቸው ፀንሶ ተገኘ። በ1973 ፖል ሬሲ ባሳተመው ጥናት ደግሞ ኖክቱል በተባለችው የአውሮፓ የሌሊት ወፍ ነባዘሩ እስከ ሰባት ወር ድረስ የማጽነስ ኃይሉን ጠብቆ እንደሚቆይ ታወቀ።

ነባዘሮቹ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ሳይሞቱ ይቆያሉ? ቅዝቃዜው እንቅስቃሴያቸውን ገትቶ ኃይላቸውን ይቆጥብላቸዋል፤ ይህም ስፓላንዛኒ በበረዶ ያየው ነገር ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ነባዘሮቹ ራሳቸውን ወደ ማሕፀኑ ወይም ወደ ዕንቁላል መውረጃው ቱቦ ግድግዳ አዙረው፣ ከግድግዳው ሕዋሳት ጋር ተጠግተው ይሰለፋሉ። የሴቲቱ ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር አያጠፋቸውም። ነገር ግን ቅዝቃዜ ብቻ መልስ አይሆንም፤ ምክንያቱም በሞቃት አገር ከሚኖሩት፣ የብርድ እንቅልፍ ከማያውቁት የሌሊት ወፎች መካከልም ዘርን የሚያከማቹ ተገኝተዋል። ምሥጢሩ እስከ ዛሬ ተፈትቶ አላለቀም። ይህን በሚገባ ያወቀ ሰው የእንስሳትንና የሰውን ዘር ያለ ጉዳት ለማቆየት የሚረዳ ዕውቀት ያገኛል ተብሎ ይታመናል።

ዕረፍቱ

ስፓላንዛኒ በሕይወቱ መጨረሻ በፊኛ ሕመም ይሠቃይ ነበር። ሆኖም ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ስለ ሕያዋን አተነፋፈስ በመመርመር ላይ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 1799 በ70 ዓመቱ በፓቪያ ዐረፈ። ስለ አተነፋፈስ የጻፈውም ከሞተ በኋላ ታተመ።

ከዚህ ሰው ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምናገኘው ትምህርት ትጋት ብቻ አይደለም። ስፓላንዛኒ በዘር ምርምሩ ተሳሳተ፤ በሌሊት ወፍ ምርምሩ ግን ትክክል ነበረ። በሁለቱም ላይ የኋለኛው ዘመን እውነተኛ ፍርድ ሊሰጥ የቻለው፣ እርሱ የሠራውን ሌላው ሰው ደግሞ እንዲሠራው አድርጎ በዝርዝር ስለ ጻፈ ነው። ስሕተቱን ያረሙት በራሱ ወረቀት አጥልለው ነው፤ እውነቱንም ያስመሰከረለት አንድ ተማሪ ነው። ኩቪዬ በስሙ ትልቅነት የዘጋውን በር የከፈተው አንድ መሣሪያ የተዋሰ ወጣት መሆኑን ስናስብ፣ በላቦራቶሪ ደብተራችን ላይ የምንጽፈውን እያንዳንዱን መስመር በንጽሕናና በጥንቃቄ ልንጽፈው ይገባናል። ነገ ማን እንደሚያነበው አናውቅምና።